የእንደራሴዎን መዝገብ ራስዎ ይመርምሩ፦ የኮንግረስ አባላትን ረቂቅ ሕግ፣ ድምፅና ገንዘብ ለመከታተል ዝርዝር መመሪያ

በምርጫ ሰሞን በየፖስታ ሣጥኑ የሚገባው ወረቀት አንድ ነገር ያጎላል፤ «እንደራሴዎ ይህን ያህል ረቂቅ ሕግ አቅርበዋል» ይላል። ቁጥሩ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ብቻውን የሚነግረን ነገር ግን የለም። በዩናይትድ ስቴትስ ኮንግረስ በአንድ የሁለት ዓመት ዘመን ከ10,000 በላይ ረቂቆች ይቀርባሉ፤ ሕግ ሆነው የሚወጡት ጥቂት መቶዎች ብቻ ናቸው። በተወካዮች ምክር ቤት ረቂቅ ማቅረብ ማለት አባሉ የፈረሙበትን ጽሑፍ ከጸሐፊው ጠረጴዛ አጠገብ ባለችው የእንጨት ሣጥን ውስጥ መክተት ነው፤ ማንኛውም አባል ይችላል፤ ፈቃጅም ከልካይም የለበትም። ቁም ነገሩ ከዚያ በኋላ የሚሆነው ነው። ረቂቁን ማን ገፋው? የት ላይ ቆመ? ድምፅ ሲሰጥ እንደራሴው ምን አሉ? ለዘመቻቸው ገንዘብ የሚሰጠው ማን ነው?

የእነዚህ ሁሉ መልስ ለማንም ክፍት በሆኑ የመንግሥት መዝገቦች ውስጥ ተቀምጧል። ክፍያ አይጠየቅም፤ ጠበቃ ወይም ጋዜጠኛ መሆንም አያስፈልግም። እኛ ኢትዮጵያውያንና ትውልደ ኢትዮጵያውያን በአገራችን ጉዳይ በኮንግረስ ደጃፍ ብዙ ጊዜ ቆመናል፤ ሰልፍ ወጥተናል፣ ፊርማ አሰባስበናል፣ ስልክ ደውለናል። ከሰልፉ ማግስት መዝገቡን ከፍቶ የሚያነብ ግን ጥቂት ነው። እንደራሴዎችም ይህን ያውቃሉ። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

1. እንደራሴዎችዎን ይለዩ

እያንዳንዱ የክፍለ ግዛት ነዋሪ ሦስት እንደራሴዎች አሉት፤ ሁለት ሴናተሮችና አንድ የተወካዮች ምክር ቤት አባል። የተወካዮች ምክር ቤት አባሉን በምክር ቤቱ ድረ ገጽ ላይ ዚፕ ኮድዎን አስገብተው፣ ሴናተሮቹን ደግሞ በሴኔቱ ድረ ገጽ በክፍለ ግዛትዎ ስም ማግኘት ይችላሉ። አንድ ዚፕ ኮድ በሁለት የምርጫ ወረዳዎች ሊከፈል ስለሚችል፣ ከተጠየቁ ሙሉ አድራሻዎን ያስገቡ። ዜግነት ገና ያላገኘ ሰው ድምፅ አይሰጥም፤ ይሁን እንጂ በወረዳው እስከኖረ ድረስ እንደራሴው የእርሱም እንደራሴ ናቸው፤ ቢሮአቸውም ሊያስተናግደው ይገባል።

የዋሽንግተን ዲሲ ነዋሪዎች ጉዳይ ለየት ይላል። ዲሲ ሴናተር የለውም። በተወካዮች ምክር ቤት ያለው ተወካይ ረቂቅ ማቅረብና በኮሚቴ ድምፅ መስጠት ይችላል፤ በሙሉ ምክር ቤቱ የመጨረሻ ድምፅ ላይ ግን አይቆጠርም። ስለዚህ የዲሲ ነዋሪ የተወካዩን የድምፅ መዝገብ ፈልጎ ባዶ ቢያገኝ ስንፍና ነው ብሎ እንዳይደመድም፤ የሚመዘነው በረቂቆቹና በኮሚቴ ሥራው ነው።

2. የአባሉን ገጽ ይክፈቱና ዝርዝሩን ያበጥሩ

ዋናው መዝገብ የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት የሚያስተዳድረው ኮንግረስ ዶት ጎቭ ነው። የእንደራሴውን ስም ሲፈልጉ ያቀረቡትና የደገፉት ሁሉ በአንድ ገጽ ይዘረዘራል። በግራ በኩል ባሉት ማጣሪያዎች መጀመሪያ የኮንግረሱን ዘመን ይምረጡ፤ አሁን ያለው 119ኛው ሲሆን ጃንዋሪ 3 ቀን 2025 ጀምሯል። ከዚያ «ስፖንሰርድ» የሚለውን ብቻ ያስቀሩ። ይህ እንደራሴው ራሳቸው ዋና አቅራቢ የሆኑበት ነው። «ኮስፖንሰርድ» የሚለው ደግሞ ሌላ ሰው ባቀረበው ላይ ስማቸውን ያስጨመሩበት ነው። ሁለቱን ደምሮ አንድ ቁጥር የሚያወጣ የዘመቻ ወረቀት ካዩ መራጩን እያሳሳተ መሆኑን ይወቁ።

በመቀጠል የረቂቁን ዓይነት ይለዩ፤ የሚታወቀው ከቁጥሩ በፊት ባሉት ፊደላት ነው። «ኤች አር» የተወካዮች ምክር ቤት፣ «ኤስ» የሴኔት ረቂቅ ሕግ ነው። እነዚህ በሁለቱም ምክር ቤቶች አልፈው ፕሬዚዳንቱ ከፈረሙባቸው ሕግ ይሆናሉ። «ኤች ሬስ» እና «ኤስ ሬስ» ግን የአንድ ምክር ቤት የውሳኔ ሐሳብ ብቻ ናቸው። ቢጸድቁም ማንንም አያስገድዱም፤ ወደ ፕሬዚዳንቱም አይሄዱም። የፖለቲካ ክብደት ሊኖራቸው ይችላል፤ ሕግ ግን አይደሉም። በማኅበረሰባችን ውስጥ ክርክር ሲነሣ ብዙ ጊዜ የሚድበሰበሰው ይህ ልዩነት ነው።

3. የአንዱን ረቂቅ ጉዞ ከጫፍ እስከ ጫፍ ያንብቡ

ከዝርዝሩ ውስጥ ሦስት ወይም አራት ረቂቅ መርጦ በጥልቀት ማንበብ ሁሉንም በርዕስ ከማየት በእጅጉ ይሻላል። ብዙዎቻችን በምናስታውሰው እንጀምር። ኤች አር 6600 በፌብሩዋሪ 2022 በ117ኛው ኮንግረስ በቶም ማሊኖውስኪ የቀረበ፣ ኢትዮጵያን የሚመለከት ረቂቅ ሕግ ነበር። በማኅበረሰባችን ውስጥ ደጋፊም ተቃዋሚም ነበረው፤ ሁለቱም ወገን ስልክ ሲደውል ሰንብቷል። ገጹን ሲከፍቱ ከላይ የሂደቱ መስመር ይታያል። «አክሽንስ» የሚለውን ሲጫኑ ደግሞ ቀን በቀን የተደረገው ይዘረዘራል። የሙሉ ምክር ቤቱን ድምፅ በዚያ ዝርዝር ውስጥ ቢፈልጉ አያገኙትም፤ ኮንግረሱ ጃንዋሪ 2023 ላይ ሲያበቃ ረቂቁም አብሮ ወደቀ። የሴኔቱ አቻ ኤስ 3199 በውጭ ግንኙነት ኮሚቴ በማርች 2022 ቢያልፍም ሕግ አልሆነም። ማሊኖውስኪ በኖቬምበር 2022 ምርጫ ተሸንፈው ወጡ። አቅራቢው ከወጡ ረቂቁን በአዲሱ ኮንግረስ የሚያነሣው ሌላ ባለቤት ያስፈልገዋል።

በዚህ ዝርዝር ላይ የሚፈልጉት አንድ ነገር ነው፤ ከቀረበበት ቀን በኋላ ሌላ እንቅስቃሴ አለ ወይ? «ለኮሚቴ ተመራ» ከሚለው መስመር በኋላ ምንም ከሌለ ረቂቁ እዚያው ተኝቷል። የኮሚቴ ስብሰባ፣ በኮሚቴ መታረም፣ ለሙሉ ምክር ቤት እንዲቀርብ መወሰን የሚሉ መስመሮች ካሉ አንድ ሰው ገፍቶታል ማለት ነው።

ሚዛናዊ ለመሆን ሁለት ነገሮችን ከግምት ያስገቡ። የኮሚቴውን አጀንዳ የሚወስኑት ሰብሳቢው ናቸው፤ ሰብሳቢውም ከአብላጫው ፓርቲ ነው። የአናሳው ፓርቲ አባል ረቂቅ በኮሚቴ ቢቀር ጥፋቱ ሁልጊዜ የአቅራቢው አይደለም። በአንጻሩ እንደራሴው የዚያው ኮሚቴ አባል፣ ይባስም ሰብሳቢ ሆነው የራሳቸው ረቂቅ ካልተንቀሳቀሰ፣ ከልብ አልፈለጉትም ብሎ ለመጠየቅ በቂ ምክንያት አለ። በእኔ እምነት ከሁሉም ይልቅ ሰውን የሚገልጠው በሥልጣኑ ሥር ያለውን ነገር ምን እንዳደረገበት ነው።

በተወካዮች ምክር ቤት ኮሚቴ ያገደውን ረቂቅ ማውጫ አንድ መንገድም አለ። 218 አባላት አቤቱታ ላይ ከፈረሙ ረቂቁ ከኮሚቴው እጅ ወጥቶ ለሙሉ ምክር ቤት ሊቀርብ ይችላል። የፈራሚዎቹ ስም በምክር ቤቱ ጸሐፊ ድረ ገጽ ላይ ይወጣል። «ረቂቁን እደግፋለሁ» ብለው ለመራጭ የሚጽፉ እንደራሴ ስማቸው ከዚያ ዝርዝር ላይ ከሌለ ለምን እንዳልፈረሙ ይጠይቋቸው።

4. የደጋፊዎቹን ዝርዝር ከነቀኑ ይመልከቱ

«ኮስፖንሰርስ» በሚለው ክፍል እያንዳንዱ ተባባሪ አቅራቢ ስሙን ያስጨመረበት ቀን ይገኛል። ከስሙ አጠገብ የኮከብ ምልክት ያለበት ረቂቁ ሲቀርብ ጀምሮ የነበረ ነው። ቀኑ ብዙ ይናገራል። ረቂቁ ገና ደጋፊ ሳያገኝ የገባ አለ፤ በመራጮች ግፊት ከወራት በኋላ የገባ አለ፤ ምርጫ ሲቃረብ የገባም አለ። ስሙን ያስወጣ ካለ እርሱም ከነቀኑ ይመዘገባል። ያ ቀን በእርስዎ ከተማ ከተደረገ ስብሰባ ወይም ከሎቢ (ሕግ አውጪዎችን የማግባባት) ዘመቻ ጋር ይቀራረብ እንደሆነ ማመሳከር ይቻላል፤ መቀራረቡ ብቻውን ማስረጃ ባይሆንም ጥያቄ ለማንሣት ይበቃል።

ስም ማስጨመር ርካሽ ነገር ነው። ነገር ግን አንዳንድ ጊዜ ያለን ብቸኛ ምስክር እርሱ ይሆናል፤ ለምን እንደሆነ ቀጥሎ ይታያል።

5. ድምፅ፦ በስም የተመዘገበውንና ያልተመዘገበውን ይለዩ

ኤች ሬስ 128ን ብዙዎች ያስታውሱታል። በክሪስ ስሚዝ አቅራቢነት በፌብሩዋሪ 2017 የቀረበና በኢትዮጵያ የሰብዓዊ መብት መከበርን የሚመለከት የውሳኔ ሐሳብ ነው፤ የተወካዮች ምክር ቤት አፕሪል 10 ቀን 2018 አጸደቀው። በጊዜው «እንደራሴያችን ድምፅ ሰጡበት» የሚል ምስጋና በየቦታው ተሰምቷል። መዝገቡን ሲከፍቱ ግን የጸደቀው በቃል ድምፅ መሆኑን ያያሉ። በቃል ድምፅ የሚደግፉ «አዎ»፣ የሚቃወሙ «አይ» ብለው በአንድነት ይጮኻሉ፤ አፈ ጉባኤው የትኛው እንደበዛ ይወስናሉ፤ የማንም ስም አይመዘገብም። ማን በአዳራሹ እንደነበረ እንኳ ከዚያ ማወቅ አይቻልም። ስለዚህ በዚህ ጉዳይ የአንድን አባል አቋም ከመዝገብ ማረጋገጥ የሚቻለው ከተባባሪ አቅራቢዎቹ ዝርዝርና በዕለቱ ከተደረገው ንግግር ነው። ንግግሮቹ «ኮንግረሽናል ሬከርድ» በተባለው ዕለታዊ ቃለ ጉባኤ ይታተማሉ።

በስም የሚሰጥ ድምፅ ሲኖር መዝገቡ ግልጽ ነው። የተወካዮች ምክር ቤት ድምፆች በጸሐፊው ድረ ገጽ፣ የሴኔቱ ደግሞ በራሱ ድረ ገጽ ላይ በተራ ቁጥር ይገኛሉ። አራት ዓይነት ምልክት ያያሉ፤ የደገፈ፣ የተቃወመ፣ ተገኝቶ ድምፀ ተአቅቦ ያደረገ፣ እና ድምፅ ያልሰጠ። የመጨረሻው መታመም፣ ጉዞ፣ ወይም ከከባድ ጥያቄ መሸሽ ሊሆን ይችላል። አንድ ቀን ቀርቶ ከሆነ ይለፉት፤ በአንድ ጉዳይ ላይ ብቻ ደጋግሞ የሚቀር ከሆነ ግን ይመዝግቡት።

ድምፁ ስለ ምን እንደተሰጠ ሳያነቡ «ተቃወሙ» ወይም «ደገፉ» ብለው አይደምድሙ። ብዙው ድምፅ በረቂቁ ላይ ሳይሆን በሥነ ሥርዓት ላይ ነው፤ ወደ ኮሚቴ ይመለስ፣ ክርክሩ ይዘጋ፣ ውይይቱ ይቋረጥ የሚሉ ጥያቄዎች ናቸው። በሴኔት ክርክርን ለመዝጋት በአብዛኛው 60 ድምፅ ያስፈልጋል፤ ከኮሚቴ ያለፉ ረቂቆችም እዚህ ላይ ሊሞቱ ይችላሉ፤ በረቂቁ ይዘት ላይ ድምፅ ሳይሰጥ ማለት ነው። አንድ ሴናተር በዚህ ላይ የሰጡት «አይ» በተግባር ረቂቁን መጣል ነው፤ «በረቂቁ ላይ ተቃውሜ አላውቅም» ቢሉ በቃል ደረጃ እውነት ይሆናል፤ መራጭ ግን ሊያልፈው አይገባም።

ሌላም የሚያሳስት ነገር አለ። የሴኔቱ የአብላጫው መሪ የራሳቸውን ፓርቲ ረቂቅ ሲቃወሙ ካዩ አይደናገጡ። ድምፁ እንደማይሞላ ሲያውቁ ወደ አሸናፊው ወገን ይዞራሉ፤ ጉዳዩ ዳግም እንዲታይ የመጠየቅ መብት ያለው በአሸናፊው ወገን ድምፅ የሰጠ ሰው ስለሆነ ነው።

6. በሌላ ሕግ ሆድ ውስጥ የገባውን ይፈልጉ

አንድ ረቂቅ በራሱ ስም ሞቶ በሌላ ግዙፍ ሕግ ውስጥ ሕይወት ሊያገኝ ይችላል። በየዓመቱ የሚወጣው የመከላከያ ፈቃድ ሕግና የበጀት ሕጎች እንዲህ ያሉ ትናንሽ ረቂቆችን ጠቅልለው ያልፋሉ። በኮንግረስ ዶት ጎቭ የረቂቁ ገጽ ላይ «ሪሌትድ ቢልስ» የሚለውን ከፍተው ተመሳሳዮቹን ይመልከቱ፤ ካገኙም ጽሑፉን ጎን ለጎን ያነጻጽሩ። ጎቭትራክ የተባለው ነጻ ድረ ገጽ ደግሞ በሌላ ሕግ ውስጥ የተካተቱትን ለይቶ ለማሳየት ይሞክራል፤ የቀሩባቸውን ድምፆች በመቶኛ ያወጣል፤ በኢሜይል ማሳወቂያም ይልካል።

ውጤት እየሰጡ ደረጃ የሚያወጡ ተቋማትም አሉ። አንዳንዶቹ፣ ለምሳሌ የቨርጂኒያና የቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲዎች በጋራ የሚሠሩት የሕግ አውጪነት ውጤታማነት ማዕከል፣ የሚመዝኑበትን መንገድ በግልጽ ያሳውቃሉ። የጥቅም ቡድኖች የሚያወጡት መቶኛ ግን የራሳቸውን ጥቂት ድምፆች መርጠው ነው። ከመቶ 100 ያገኘ ሰው ከዚያ ቡድን ጋር ተስማምቷል ማለት ብቻ ነው።

7. ገንዘቡን ይከተሉ

እዚህ ላይ አራት መዝገቦች አሉ፤ ጊዜ ያጠረው ሰው ቢያንስ የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ያንብብ።

የፌዴራል ምርጫ ኮሚሽን የዘመቻ መዋጮዎችን ይመዘግባል። በድምሩ ከ200 ዶላር በላይ የሰጠ ግለሰብ ከነሥራውና ከነአሠሪው ይዘረዘራል። ትልቁን ለጋሽ ከመፈለግ ይልቅ ለጋሾቹ በምን ሙያ እንደሚሰበሰቡ ይመልከቱ፤ ከዚያ እንደራሴው ከተቀመጡበት ኮሚቴ ጋር ያገናኙት።

ሁለተኛው የሀብት ማሳወቂያ ነው። አባላት በየዓመቱ ሀብታቸውን ያሳውቃሉ። በ2012 በወጣው «ስቶክ አክት» መሠረት ደግሞ ከ1,000 ዶላር በላይ የሆነ የአክሲዮን ግዢና ሽያጭ ቢዘገይ በ45 ቀን ውስጥ ማስመዝገብ አለባቸው። መጠኑ በትክክል አይጻፍም፤ ከ1,001 እስከ 15,000 ዶላር እንደሚለው በእርከን ነው። የዘገየ የሚጣልበት መደበኛ ቅጣት 200 ዶላር ነው፤ ለእንዲህ ያለ ሥልጣን እጅግ ያነሰ ነው እላለሁ። ስለዚህ የግብይቱን ቀንና የተመዘገበበትን ቀን ሁለቱንም ያነጻጽሩ።

ሦስተኛው የሎቢ መዝገብ ነው። ሎቢስቶች በየሩብ ዓመቱ የትኛውን ረቂቅ ቁጥር ይዘው ኮንግረስን እንዳነጋገሩ ያስመዘግባሉ። የረቂቁን ቁጥር አስገብተው ማን ገንዘብ ከፍሎ ስለ እርሱ ኮንግረስን እንዳነጋገረ ማየት ይችላሉ።

አራተኛው ለእኛ ልዩ ትርጉም አለው። ከ1938 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የውጭ ወኪሎች ምዝገባ ሕግ ለውጭ መንግሥታትና ፓርቲዎች የሚሠሩ ሎቢስቶች በፍትሕ ሚኒስቴር እንዲመዘገቡ ያስገድዳል። በየስድስት ወሩ የሚያስገቡት ሪፖርት ያነጋገሩትን የኮንግረስ ቢሮ፣ ቀኑንና ጉዳዩን ጭምር ይዘረዝራል። የኢትዮጵያ፣ የግብፅ፣ የኤርትራ፣ የፈለጉትን አገር ስም ያስገቡና የእንደራሴዎ ስም በስንት ሪፖርት እንደሚገኝ ይመልከቱ። መነጋገር ወንጀል አይደለም፤ ሳይመዘገቡ ለውጭ መንግሥት መሥራት ግን ወንጀል ነው። የኤስ 3199 አቅራቢና የሴኔቱ የውጭ ግንኙነት ኮሚቴ ሰብሳቢ የነበሩት ቦብ ሜኔንዴዝ በጁላይ 2024 በጉቦና ለግብፅ መንግሥት ወኪል ሆኖ በመሥራት ጥፋተኛ ተብለዋል፤ በጃንዋሪ 2025ም 11 ዓመት እስራት ተፈርዶባቸዋል። ክሱ ስለ ኤስ 3199 አልነበረም፤ በክሱ ሰነድ ግን ስለ ሕዳሴ ግድብ ድርድር በ2020 የጻፉት ደብዳቤ ተጠቅሷል።

8. የሥነ ምግባር መዝገብ

ሁለቱም ምክር ቤቶች የሥነ ምግባር ኮሚቴ አላቸው፤ ያወጡትን ሪፖርትና የወቀሳ ደብዳቤ በድረ ገጻቸው ያስቀምጣሉ። የሴኔቱ ኮሚቴ ሜኔንዴዝን በአፕሪል 2018 ስጦታ በመቀበላቸው በይፋ ደብዳቤ ወቅሷቸው ነበር፤ ከጥፋተኝነት ፍርዱ ስድስት ዓመት ቀድሞ ማለት ነው። ደብዳቤው ያን ጊዜም ለማንም ክፍት ነበር።

9. ይመዝግቡ፣ ከዚያ ይጠይቁ

አንድ ሠንጠረዥ ይበቃዎታል። የረቂቁ ቁጥርና የኮንግረሱ ዘመን፣ እንደራሴው ዋና አቅራቢ ወይስ ተባባሪ፣ የገቡበት ቀን፣ የመጨረሻው እንቅስቃሴ፣ የሰጡት ድምፅ ከነተራ ቁጥሩ፣ በአደባባይ የተናገሩት። የመጨረሻው ዓምድ ከሌሎቹ ጋር ሲጋጭ ጥያቄዎ እዚያው አለ። ከሥልጣናቸው ውጪ የሆነውን ግን አይጻፉባቸው። ለምሳሌ ኢትዮጵያ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2022 ጀምሮ ለአፍሪካ አገሮች ከቀረጥ ነጻ የገበያ ዕድል ከሚሰጠው አጎዋ የወጣችው በፕሬዚዳንቱ ውሳኔ እንጂ በኮንግረስ ድምፅ አልነበረም።

ለመደወል የካፒቶል ማዞሪያ ስልክ 202-224-3121 ነው፤ የእንደራሴውን ስም ሲናገሩ ያገናኙዎታል። ጉዳዩን የያዘውን የሕግ ረዳት ስም ይጠይቁና በጽሑፍ ያነጋግሩት። «ስለ ኢትዮጵያ ምን እያደረጉ ነው?» ለሚል ጥያቄ የሚመጣው መልስ የታወቀ ነው፤ ቀድሞ የተዘጋጀ ደብዳቤ ይላክልዎታል። እንዲህ ብለው ቢጠይቁ ግን ለማምለጥ ይከብዳል፦ «የዚህ ቁጥር ረቂቅ ተባባሪ አቅራቢ የሆኑት በዚህ ቀን ነው። ረቂቁ ከዚያ ወዲህ በእርስዎ ኮሚቴ ውስጥ አልተንቀሳቀሰም። ለሰብሳቢው በጽሑፍ ጠይቀዋል? ከጠየቁ ቅጂውን ማግኘት እችላለሁ?» በወረዳው ስብሰባ ላይ ሲነሡም ይህንኑ ጥያቄ ከወረቀት ያንብቡ።

119ኛው ኮንግረስ ጃንዋሪ 3 ቀን 2027 ሲያበቃ ሕግ ያልሆኑ ረቂቆች በሙሉ ይወድቃሉ። እንደራሴው የደገፉትን መልሰው ለማቅረብ አዲስ ቁጥር ስለሚያስፈልግ፣ በአዲሱ ዘመን የመጀመሪያ ወራት በቁጥሩ ሳይሆን በርዕሱና በአቅራቢው ስም ይፈልጉ። ካላገኙት ለሕግ ረዳቱ የጻፉትን ደብዳቤ አያይዘው ለምን እንዳልቀረበ ይጠይቁ።